የካራቢኒዬሪ መታሰቢያ ቴምብርና ፖስታ፦ «ከቁልቋል በር የተላከ» የተባለውን ፖስታ ልግዛ ወይስ ልተው?

ምንትዋብ

ሰላም ለሁላችሁ። የወታደራዊ ፖሊስ ክፍሎችን የሚዘክሩ ቴምብሮችንና ፖስታዎችን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። የሁሉንም አገር ልያዝ ቢባል ማለቂያ ስለሌለው በጣሊያን ካራቢኒዬሪ ላይ ወሰንኩ። ከእኛ አገር ታሪክም ጋር የሚገናኝ ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ካታሎጉም ማኅተሙም የሚጠቀሙት እሱን ስለሆነ።)

እስካሁን ያሉኝ፦

የ1964ቱ የ150ኛ ዓመት መታሰቢያ፣ ባለ 30 እና ባለ 70 ሊሬ፣ ሁለቱም በአንድ የመጀመሪያ ቀን ፖስታ (ቴምብሩ በወጣበት ቀን የተመታ) ላይ። ፖስታው «ቬኔትሲያ» የሚል ጽሑፍ አለው።

የ1975ቱ የሳልቮ ዳክዊስቶ (ታጋቾችን ለማዳን ራሱን የሰጠው ካራቢኒዬሬ) ባለ 100 ሊሬ፣ ማኅተም ያረፈበት። ከፖስታው ሲነሳ ጀርባው ላይ ወረቀት ተጣብቆ ቀርቷል።

አንድ ፖስትካርድ፣ የጡረተኛ ካራቢኒዬሪዎች ማኅበር በዓል ላይ የተመታ ሥዕል ያለው ክብ ማኅተም ያለበት።

አራተኛው ገና አልተገዛም፤ ዋናው ጥያቄዬም እሱ ነው። ሻጩ «ጎንደር አጠገብ ከቁልቋል በር ምሽግ የተላከ» ብሎ 12,000 ብር ይጠይቃል። ፖስታው ነጣ ያለ ነው። ግራው ላይ ሐምራዊ የክፍል ማኅተም አለ፤ መሃሉ ላይ የሚነድ ቦምብ፣ ዙሪያውን «አርማ ዴይ ካራቢኒዬሪ» ይላል። ቴምብሩ የ1936ቱ «ኢትዮጵያ» የሚለው ባለ 50 ሳንቲም ነው። ጥቁሩ የፖስታ ቤት ማኅተም 20.8.41 ይልና ቀጥሎ በሮማ ቁጥር 20 አለበት። አድራሻው ሮማ፣ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ። ጀርባው ባዶ ነው፣ ምንም የለውም።

የምጠይቃችሁ፦ ፖስታው እውነተኛ ነው? አዲስ አበባ ሆኜ የጣሊያንን ልዩ ማኅተም እንዴት ላገኝ እችላለሁ? ክረምቱ ሳይገባ አቀማመጡን እንዴት ላስተካክል?

---

ባለ_ወረንጦ

እህቴ ምንትዋብ፣ ገንዘቡን አይክፈሉ። ፖስታውን በእጄ ሳልይዘው፣ እርስዎ ከጻፉት ብቻ ሦስት ነገር ይታየኛል።

አንደኛው የሮማ ቁጥሩ ነው። በሙሶሊኒ ዘመን የጣሊያን ማኅተሞች ከተራው ዓመት ጎን የፋሺስቱን ዘመን በሮማ ቁጥር ይይዙ ነበር። ያ ዓመት የሚለወጠው በኦክቶበር መጨረሻ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ቀኑ ከኦክቶበር መጨረሻ በፊት ከሆነ ከዓመቱ ላይ 1922 ይቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ 1921። ሜይ 1936 ስንቀንስ 14 ይሆናል። ኦገስት 1941 ደግሞ 19 ነው፣ 20 አይደለም። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ቁጥሮቹ በማኅተሙ ውስጥ በእጅ የሚቀየሩ ትንንሽ ቅርጾች ስለሆኑ የፖስታ ሠራተኛው ዘመኑ ከተለወጠ በኋላ አሮጌውን ቁጥር ረስቶ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ወደ ኋላ የቀረ ቁጥር ሲያጋጥም ወዲያው ሐሰት አይባልም። ከሁለት ወር በላይ ቀድሞ የሄደ ቁጥር ግን ሰበብ የለውም። ይህን ያደረገው ሰው 1941ን ከሃያ ጋር የሚያገናኝ ዝርዝር አይቶ ወሩን አላሰበውም።

ሁለተኛው የክፍሉ ማኅተም ነው። ጣሊያን እስከ 1946 ዘውዳዊ መንግሥት ነበረች። በዚያ ዘመን የክፍሉ ስም «ካራቢኒዬሪ ሬያሊ» ነው፤ በአጭሩ በላቲን ፊደል ሁለት ሲ እና ሁለት አር ይጻፋል። «ሬያሊ» የሚለው የወደቀው ሕዝበ ውሳኔው ንጉሡን ካወረደ በኋላ ነው። በ1941 ፖስታ ላይ «ሬያሊ» የሌለበት የክፍል ማኅተም ሲያዩ መቅረጫው ከሪፐብሊኩ ዘመን አርማ የተቀዳ መሆኑን ይጠርጥሩ። ዘውድ መኖር አለመኖሩንም ይመልከቱ።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። በኦገስት 1941 አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ወራት አልፈዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ገብተዋል። የጎንደር ጦር በከበባ ውስጥ ነበር። ፖስታ ወደ ሮማ የሚሄደው አልፎ አልፎ በሚደርስ አውሮፕላን ብቻ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ያለፈ ወረቀት ምልክት ይዞ ይመጣል፦ የሳንሱር ማኅተም፣ የሳንሱር ማሸጊያ ወረቀት፣ የወታደራዊ ፖስታ ቤት ቁጥር፣ አንዳንዴም የደረሰበት ከተማ ማኅተም። ጀርባው ንጹሕ የሆነ የከበባ ፖስታ በ12,000 ብር አይገኝም። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ትልልቅ የጨረታ ቤቶች ነበሩ የሚሻሙበት።

አሁንም ሻጩ ካሳየዎት በእጅዎ ሆኖ የሚፈትሹት ይህን ነው።

የብር ኖት መፈተሻ መብራት ይዘው ይሂዱ። ባለ 365 ናኖሜትር ይሁን፤ ርካሹ ባለ 395 የእጅ ባትሪ ሁሉን ነገር ሐምራዊ ስለሚያደርግ ያሳስታል። ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ወረቀት በዚያ መብራት ሥር ደብዛዛ ነው፤ ቢጫማ ወይም ቡናማ ጥላ ይይዛል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የወረቀት ፋብሪካዎች ማንጫ ኬሚካል በሰፊው ስለጨመሩ ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። ፈተናው በውጭው ፊት ብቻ እንዳይሆን፤ ከእርጥብ አልበም ላይ ማንጫው ወደ አሮጌ ወረቀት ሊተላለፍ ይችላል። የፖስታውን አፍ ከፍተው ውስጡን ያብሩበት። ውስጡም ካበራ ነገሩ አለቀ።

ቀጥለው ባለ 10 ወይም ባለ 20 ማጉያ ሌንስ ያንሱ። ቴምብሩና ፖስታው የሚገናኙበትን የጥርስ መስመር ይዩ። ማኅተሙ ከቴምብሩ ወደ ፖስታው ሲሻገር በጥርሶቹ መካከል ባሉት ግማሽ ክብ ክፍተቶችም ውስጥ ያርፋል፤ እዚያ የሚታየው የፖስታው ወረቀት ቀለም ነክቶት መገኘት አለበት። ጥርሱ ላይ ቀለም ኖሮ ክፍተቱ ውስጥ ንጹሕ ወረቀት ካለ፣ ቴምብሩ ማኅተም ከተመታበት በኋላ ነው የተለጠፈው፤ የጎደለው መስመርም ፖስታው ላይ በብዕር ተቀጥሏል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ቦታ አያየውም። ሐሰተኞችም የሚሰነፉት እዚሁ ላይ ነው።

ሐምራዊውን ማኅተም በዚያው ሌንስ ይዩት። የጎማ ማኅተም ቀለም ጠርዙ ላይ ይወፍራል፣ መሃሉ ይሳሳል፣ በወረቀቱ ጭረት ውስጥ ይሰርጋል። በትንንሽ ሰማያዊና ቀይ ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ ከፕሪንተር የወጣ ነው። አድራሻው በእስክሪብቶ ከሆነም ተመሳሳይ ነው፤ ባለ ኳስ እስክሪብቶ በገበያ የተለመደው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የቀለም ብዕር መስመር ሲጫን ይወፍራል፣ ሲነሳ ይቀጥናል፤ እስክሪብቶ ግን እኩል ሄዶ ወረቀቱን ያጎደጉዳል። ጣትዎን በጀርባው ቢያስሄዱት ይሰማዎታል።

በነገራችን ላይ ቴምብሩ በራሱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የ1936ቱ «ኢትዮጵያ» የሚለው ባለ 7 ዋጋ ስብስብ እንደ ልብ የሚገኝ ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመረጠውም ለዚያ ነው።

---

ሰላም_ከሮማ

ባለ ወረንጦ በፖስታው ላይ የሚባለውን ብሏል። እኔ ስለ ጣሊያኑ ማኅተምና ስለ ሌሎቹ ልጻፍ።

1964፦ ባለ 30 ሊሬው የካራቢኒዬሬ የነሐስ ቅርጽ ነው፤ ባለ 70ው በ1848 የተካሄደውን የፓስትሬንጎ የፈረሰኛ ጥቃት ያሳያል። በሚሊዮን የታተሙ ናቸውና ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው። ፖስታው ላይ ያለው የአሳታሚ ስም ብዙ አይጨምርም። ማየት ያለብሽ የማኅተሙ ቀን በካታሎግ ከተጻፈው የወጣበት ቀን ጋር መግጠሙን፣ የከተማው ስም መነበቡንና ማኅተሙ ሁለቱንም ቴምብሮች መንካቱን ነው። ለጣሊያን ሳሶኔ ወይም ኡኒፊካቶ ካታሎግ ያዢ። የዓለም ካታሎጎች ቴምብሩን ይዘረዝራሉ፤ የቀለምና የጥርስ ልዩነቶችን በዝርዝር የምታገኚው ግን በጣሊያኖቹ ነው። የጥርስ ቁጥር ማለት በ2 ሴንቲሜትር ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ነው፤ መለኪያው ካርድ ከሌለሽ በማስመሪያም ይቆጠራል።

ዳክዊስቶ፦ ጀርባው ላይ የቀረውን ወረቀት በጥፍር አትላጪው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተዪው፤ ወረቀቱ በራሱ ይንሸራተታል። የቀረ ሙጫ ካለ በጣት ሳትፈትጊ ውሃ ቀይረሽ እንደገና ንከሪው። ከዚያ ፊቱን ወደ ታች አድርገሽ ቀለም በሌለው መምጠጫ ወረቀት መካከል፣ በላዩ ከባድ መጽሐፍ ጭነሽ አሳድሪው። ከባለ ቀለም ፖስታ የተቀደደ ቴምብር ከሌላ ጋር አብሮ አይነከርም፣ ቀለሙ ይወጣል። የቅርብ ዓመታት የጣሊያን ቴምብሮች ብዙዎቹ ራስ ተለጣፊ ስለሆኑ ውሃ አይለያቸውም፤ እነሱን ዙሪያውን 1 ሴንቲሜትር አስቀርተሽ ከነወረቀቱ ቁረጫቸው። ማኅተሙ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትቁረጪ። ሙሉ ፖስታ የትና መቼ እንደተመታ ይናገራል፣ የተቆረጠው ያንን ያጣል።

አሁን ወደ ልዩ ማኅተሙ። የጣሊያን ፖስታ ማኅበራትና ማዘጋጃ ቤቶች ሲጠይቁት ለአንድ ቀንና ለአንድ ቦታ ብቻ የሚያገለግል ባለ ሥዕል ማኅተም ያዘጋጃል። የሐውልት ምረቃ፣ የክፍል ምሥረታ በዓል፣ የጡረተኞች ጉባኤ ሲሆን ጊዜያዊ መስኮት በቦታው ይከፈትና ሰው የያዘውን ፖስታ ያስመታል። የማኅተሙ ሥዕልና ቀን በቅድሚያ ይታወጃል። ቀኑ ካለፈ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ በማስታወቂያው በተጠቀሰው የፊላቴሊ (የቴምብር ሰብሳቢዎች) መስኮት ይቆያል፤ ስለዚህ በፖስታ መጠየቅ ይቻላል። ለካራቢኒዬሪ ፍለጋሽን በሦስት ቀኖች ዙሪያ አድርጊ፦ ጁን 5 የክፍሉ በዓል ነው፤ ጁላይ 13 በ1814 ቶሪኖ ላይ የተመሠረተበት ነው፤ ኖቬምበር 21 ደግሞ የጠባቂያቸው የ«ቪርጎ ፊዴሊስ» (ታማኟ ድንግል፣ ማርያም) በዓል ነው። ይህ የመጨረሻው የቁልቋል በር ውጊያ ቀን ነው፣ ኖቬምበር 21፣ 1941። በእኛ ኅዳር 12፣ 1934 ይሆናል፤ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ አይረሳም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ቴምብር አይመታልሽም፤ ዋጋው የጸና የጣሊያን ቴምብር ያስፈልጋል። የ1964ቱ ከአገልግሎት ስለወጣ በአዲስ ማኅተም ላይ ልትጠቀሚበት አትችይም። ጣሊያን ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ በአገር ውስጥ ደብዳቤ ዋጋ ገዝቶ ይለጥፍልሽ። ቴምብሩ ከላይኛውና ከቀኝ ጠርዝ 1 ሴንቲሜትር ገባ ይበል። ከቴምብሩ በስተግራ ቢያንስ 4 ሴንቲሜትር ባዶ ይተው። ማኅተሙ ሰፊ ስለሆነ ቦታ ካጣ አድራሻሽ ላይ ይወጣል። በፖስታው ውስጥ በልኩ የተቆረጠ ጠንካራ ካርቶን ይግባ፤ ባዶ ፖስታ ላይ የሚመታ ማኅተም የፖስታውን ስፌት ተከትሎ ይሰበራል፣ ግማሹ ይደበዝዛል። የፖስታው አፍ አይለጠፍ፤ ወደ ውስጥ ይታጠፍ።

ከዚያ ሁሉንም ከአጭር ደብዳቤ ጋር በትልቅ ፖስታ ውስጥ፣ ቴምብር ከተለጠፈበት የመመለሻ ፖስታ ጋር ይልካል። ደብዳቤው ላይ የማኅተሙ ስም፣ ከተማው፣ ቀኑና የፖስታዎቹ ብዛት ይጻፍ። ሁልጊዜ ከምትፈልጊው ሁለት ጨምሪ፤ አንዱ ቀለም ይበዛበታል፣ ሌላው ይጣመማል።

በእጅ ተመትቶ የተመለሰ ፖስታና በእርግጥ በፖስታ የተጓዘ ፖስታ አንድ አይደሉም። እኔ የተጓዘውን እመርጣለሁ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ማኅተም፣ በአደራ ተመዝግቦ ወደ አዲስ አበባ ፖስታ ሣጥንሽ ከመጣና የመድረሻ ማኅተም ካረፈበት የፖስታ ታሪክ ይሆናል።

የማክሲመም ካርድንም አትርሺ። ሥዕል ካለው የፖስትካርድ ፊት ላይ ቴምብር ተለጥፎ የሚመታ ነው። ሦስት ነገር መግጠም አለበት፦ የካርዱ ሥዕልና የቴምብሩ ሥዕል፣ የማኅተሙ ቦታ፣ የማኅተሙ ጊዜ። ሥዕሉም ከካርዱ ቢያንስ ሦስት አራተኛውን መያዝ አለበት። ለዳክዊስቶ የተገደለበት የፓሊዶሮ ወይም የተወለደባት የናፖሊ ማኅተም ይስማማል፤ ቀኑም ሴፕቴምበር 23 ቢሆን፣ በ1943 ታጋቾቹን ለማዳን ራሱን የሰጠበት ነው። ሚላኖ የተመታ የዳክዊስቶ ካርድ ግን ማንም ቢያሳምረው ደካማ ነው።

---

የድሬ_ልጅ

ስለ አቀማመጥ ባጭሩ ልጻፍ። ዱባይ ሆነን ሙቀቱን፣ አገር ቤት ሆነን ክረምቱን ስለምናውቀው።

ከሁሉ በፊት ላሚኔት አታስደርጊ። አዲስ አበባ ውስጥ በየፎቶኮፒ ቤቱ ስላለ ሰው «እንዲጠበቅ» ብሎ ያስደርገዋል፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጣል፣ ፕላስቲኩም አይነሳም። ፖስታው በዚያው ቀን ዋጋውን ያጣል። ስኮች፣ ስቴፕለር፣ ላስቲክና አግራፍም እንዲሁ። የታጠፈ ፖስታ በካውያ አይተኮስም።

ለፖስታ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ይሁን። ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ይላብና ቀለሙን ይጎትታል። ከተጠራጠርሽ የመዳብ ሽቦ በእሳት አቅልተሽ የፕላስቲኩን ቁራጭ አስነኪውና መልሰሽ እሳቱ ላይ አድርጊው፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒቪሲ ነው። ይህን ደጅ አድርጊው፣ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

እርጥበቱ ከ45 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ከ60 ካለፈ ያልተመታ ቴምብር ሙጫው ከገጹ ጋር ይጣበቃል፣ ወረቀቱም ቡናማ ነጥብ ያወጣል። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተሽ ከሣጥኑ ውስጥ አስገቢ። ለጫማ ካርቶን የሚያህል ሣጥን 50 ግራም ሲሊካ ጄል ይበቃል፤ ቀለሙ ሲለወጥ ምድጃ ውስጥ በ110 እስከ 120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያህል አድርቀሽ መልሺው። ሰው የሚረሳው ግን ሌላኛውን ጎን ነው፦ በበጋ የአዲስ አበባ አየር በጣም ደረቅ ነው፤ ሲሊካውን ያኔ አውጪው። ከ40 በታች ሲወርድ ሙጫው ይሰነጠቃል፣ ቴምብሩ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል።

አልበሙ ይቁም እንጂ አይተኛ፤ ተደራርቦ የተኛ የታችኛውን ይጫነዋል። ከውጭ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ቁም ሣጥን ውስጥም አታስቀምጪ፤ እርጥበት ከዚያ ነው የሚጀምረው።

---

ደብረ_ታቦር

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው ይህን ርዕስ ሲይዝ ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። ካራቢኒዬሪ በጣሊያን ዛሬ የተከበረ ክፍል ነው፤ ዳክዊስቶም ክብር ይገባዋል። እዚህ ግን የመጡት ከወራሪው ጋር ነው። በኤፕሪል 1936 ኦጋዴን ውስጥ በጉኑ ጋዱ ተዋግተዋል፤ ከዚያ በየከተማው የቅኝ ገዥው ፖሊስ ሆነው ቆይተዋል፣ ዛፕቲዬ ከሚባሉት የአፍሪካ ተወላጅ ፖሊሶች ጋር። ጎንደር ላይ የተሸነፉትም ከእንግሊዝ ጦር ጎን በተሰለፉት አርበኞቻችን ጭምር ነው። ስብስቡ ይህን ካልያዘ የጣሊያን ማኅበር ብሮሹር ይሆናል።

ስለዚህ ገጾቹን ሲያዘጋጁ በቀን ተራ ይሂዱ። 1814 ቶሪኖ፣ 1848 ፓስትሬንጎ (የእርስዎ ባለ 70 ሊሬ እዚህ ይገባል)፣ 1936 ወረራው፣ 1941 ቁልቋል በርና ጎንደር፣ 1943 ዳክዊስቶ፣ ከዚያ የሰላም ማስከበር ዘመን፤ ለምሳሌ በቦስኒያና በኮሶቮ ከነበሩት ክፍሎቻቸው የመጡ የወታደራዊ ፖስታ ማኅተሞች። ለወረራው ገጽ የ1936ቱን «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቴምብር የንጉሣቸው ምስል እንዳለበት ያስቀምጡ፤ ከጎንደር ቀጥሎ ደግሞ በ1942 ከነፃነት በኋላ የወጡትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴምብሮች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአምስቱ ዓመት ታሪክ ያለ ብዙ ጽሑፍ ይታያል። ለ1942ቱ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ጎብኙ፤ ከመግዛትዎ በፊት እውነተኛውን በዓይን ማየት ይጠቅማል።

በየገጹ የሚጻፈው ጽሑፍ ከአራት መስመር አይብለጥ። ስለ ፖስታው ይጻፍ፦ ከየት፣ ወደ የት፣ በምን ዋጋ፣ የትኛው ማኅተም። የውጊያውን ታሪክ ሙሉ ገጽ መጻፍ የቴምብር ኤግዚቢሽን ዳኞች ነጥብ የሚቀንሱበት ነገር ነው።

---

ምንትዋብ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ ባለ ወረንጦ እንዳሉኝ መብራትና ሌንስ ይዤ ሄድኩ። ፖስታው ውስጡ ድረስ ሰማያዊ ነጭ ያበራል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ወረቀት ንጹሕ ነው፤ ከቴምብሩ ውጪ ያለው የክቡ ክፍል መስመር ከውስጠኛው ይቀጥናል። ሐምራዊው ግን ነጠብጣብ የለውም፣ የጎማ ማኅተም ይመስላል። አልገዛም ስል ሻጩ ወደ 3,000 ብር አወረደው። ለማነጻጸሪያ ቢሆን ይዤ ልቀመጥ?

---

ባለ_ወረንጦ

አይያዙት፣ በ3,000ም። ነጠብጣብ አለመኖሩ የሚያሳየው ጎማ ማስቀረጹን ብቻ ነው፤ ማኅተም የሚቀርጽ ደግሞ በየመንገዱ አለ። መቅረጫው ካለ አንድ ፖስታ ብቻ አልሠራምና ተመሳሳዩ በሌላ ሰው እጅ እንደገና ይመጣል። የፖስታውን ፊትና ጀርባ በ600 ዲፒአይ ስካን ካስደረጉ ማነጻጸሪያው ያ ይሆንዎታል። የማኅተሙን ስፋት በሚሊሜትር፣ የተሰበረ ፊደል ካለ የትኛው እንደሆነ መዝግበው እዚህ ቢለጥፉት ሌላው ሰው ይድናል። የሻጩን ስም አይጻፉ፤ እሱም ከሌላ ገዝቶት ሊሆን ይችላል።

በ12,000ው የምመክርዎ የወታደር ፖስትካርድ ነው። ከ1936 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ከምሥራቅ አፍሪካ በወታደራዊ ፖስታ ወደ ጣሊያን የሄዱ ካርዶች ብዙ ናቸው፤ ያለ ቴምብር በነፃ የሚሄዱም አሉ። ላኪው የካራቢኒዬሪ ሬያሊ አባል መሆኑን የክፍል ማኅተም ወይም በራሱ እጅ የጻፈው የላኪ አድራሻ ሲያሳይ ይውሰዱት። የሚመርጡት ሦስቱ ሲገጥሙ ነው፦ የወታደራዊ ፖስታ ቤቱ ቁጥር ይነበባል፣ ቀኑና የሮማ ቁጥሩ ይስማማሉ፣ ጽሑፉ ውስጥ ያለው ቀንም ከማኅተሙ ቀን ቢበዛ በጥቂት ቀን ይቀድማል። ጽሑፉ ከማኅተሙ በኋላ የሆነ ቀን ከያዘ መልሰው ይስጡት። ጥጉ መታጠፉ ወይም ወረቀቱ መቆሸሹ አያስፈራዎት፤ ከአራት ማዕዘኑ ንጹሕ ከሆነው የተጎዳው ብዙ ጊዜ ይበልጥ የታመነ ነው።

---

ሰላም_ከሮማ

ምንትዋብ፣ የጁን 5ቱ በእኛ ግንቦት 28 ነው። ማኅተም ከታወጀ ፖስታዎቹን እኔ አዘጋጅቼ ላስመታልሽ እችላለሁ። በውስጥ መልእክት የፖስታ ሣጥን ቁጥርሽንና የምትፈልጊውን ብዛት ላኪልኝ፤ ስንቱ በእጅ ተመትቶ እንደሚመለስ፣ ስንቱ በአደራ እንደሚጓዝ ለይተሽ ጻፊ። የሚጓዘው ላይ አድራሻው በአማርኛም በላቲንም ይሁን፣ «ኢትዮጵያ» የሚለው ግን በላቲን ከታች ለብቻው በትልቁ ይጻፋል። ካርቶኑን በ15 በ10 ሴንቲሜትር እቆርጣለሁ፤ ፖስታሽ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪኝ።